ሰላምታው ሲያልቅ ሰዓቱ አለቀ

ወሎ ውስጥ ሰላምታ አይቸኮልም። ደሴ ፒያሳ ላይ ሁለት ሰው ከተገናኘ ልጆቹ ይጠየቃሉ፣ እናት ትጠየቃለች፣ ዝናቡም ይነሳል። ዋናው ጉዳይ የሚወጣው አንዱ ታክሲ ሊያመልጠው ሲል ነው። መልካም ጠባይ ነው፤ እንዲነኩብንም አንፈልግም። ችግሩ ይህንኑ ጠባይ ለመንግሥት ሥራ የጽሑፍ ፈተና ስንቀመጥም ይዘነው መግባታችን ነው።

የክፍት ሥራ መደብ ማስታወቂያ ሲለጠፍ ሰሌዳው ፊት ስልክ ይደረደራል። ፎቶ ኮፒ ቤቶች ይሞቃሉ። ማን እንዳዘጋጀው የማይታወቅ "ሞጁል" ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። የቢሮ አሠራር ማሻሻያ የተባለ ሁሉ አለበት፦ ቢፒአር አለበት፣ ውጤት ተኮር አለበት፣ ካይዘን አለበት። ልጅ የካይዘንን አምስት "ማ"ዎች ሌሊቱን በቃሉ ሲወጣቸው ያድራል፦ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ። እናት ከጓዳ "ማጽዳቱን ከክፍልህ ጀምረው" ትለዋለች። እሱ ግን ገና "ማላመድ" ላይ ነው።

በፈተናው ዕለት የኮምቦልቻ ልጆች የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ይወጣሉ። ስስ ሸሚዝ ለብሰው በደሴ የጠዋት ብርድ እስክሪብቶ መያዝ ያቅታቸዋል። በ2010 የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ነጥብ ሲቀራረብ ለሴቶችና ለአካል ጉዳተኞች ቅድሚያ ሰጥቶ ነበር፤ ስለ ብርድ ግን ያለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። "ባለጉዳይ የሚጉላላባቸውን ሦስት ምክንያቶች ዘርዝር። (6 ነጥብ)"

ተፈታኙ ይጀምራል፦ "እንደሚታወቀው አገራችን ኢትዮጵያ የረጅም ዘመን ታሪክ ባለቤት ስትሆን..." አክሱም ይነሳል። ላሊበላ ይከተላል። ዓድዋም አይቀርም። ገጹ ሲያልቅ ባለጉዳዩ ገና በር ላይ ቆሟል።

አራሚው ምሳውን ያልበላ የቢሮ ሰው ነው። የወረቀት ክምር ከፊቱ አለ። የሚፈልገው ሦስት ምክንያት ነው፤ ቁጥር ሰጥተህ በሦስት መስመር ብትጽፍለት በልቡ ይመርቅሃል። "ዘርዝር" ሲልህ ዘርዝር። "አብራራ" ካለህ ለምንና እንዴት የሚለውን ጨምር። "አወዳድር" ካለህ ሁለቱንም ወገን አንሳ፤ አንዱን አሞግሶ ሌላውን መርሳት ለሽማግሌም አያምርም። ደግሞ ነጥቡ እኮ ከጥያቄው ጎን ተጽፏል! ፈተናው በ60 ደቂቃ 60 ነጥብ ከሆነ ለ6 ነጥብ የሚገባው 6 ደቂቃ ነው። እኛ ግን ለ2 ነጥብ ሁለት ገጽ እንጽፍና የ20 ነጥቡን "ሰዓት አልቋል" ሲባል እናየዋለን። ተጨማሪ ወረቀት የጠየቀ ሰው በጎረቤቶቹ ዘንድ እንዴት እንደሚከበር ደግሞ አይጣል ነው። ምን እንደጻፈበት የሚጠይቅ የለም።

ይህን ሁሉ አውቆ የገባ አንድ የሰፈራችን ልጅ ነበር። ጥያቄው "ባለጉዳይ ቢሮህ ቢመጣ ምን ታደርጋለህ?" ይላል። ሌላው ሁሉ "በፈገግታ ተቀብዬ፣ ወንበር ስቤ፣ ቢሮው ለባለጉዳይ ቃል በገባበት የዜጎች ቻርተር በተቀመጠው ጊዜ አስተናግጄ" እያለ አይቶት የማያውቀውን ነገር ይጽፋል። የእኛ ልጅ ለመታወቂያም ለልደት ካርድም የተመላለሰበትን አስታውሶ በአንድ መስመር ጨረሰው፦ "ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ነገ ተመለስ እለዋለሁ።"

አጭር ነው። ግልጽ ነው። ሰላምታ የለበትም። ዜሮ አገኘ።

ወሬው ቡና ላይ ደረሰ። በአቦሉ ልጁ ተወቀሰ። በቶናው ታዘነለት። በበረካው ግን አጎቱ ስኒያቸውን አስቀምጠው ተቆጡ፦

"ያ ጀማዓ! ይሄ ልጅ እኮ ያለ ሙከራ ጊዜ መቀጠር ነበረበት። ሥራውን ለምዶት ነው የሄደው!"