በባዶ እግር ሮም

አሥረኛ ዓመት ጋብቻችንን ሮም ልናከብር ስንወስን አንድ ነገር ተማማልን። ለማንም ላንናገር። ሦስት ቀን ናት። አርብ ጠዋት ከፍራንክፈርት መነሳት፣ እሑድ ማታ መመለስ። ልጆቹን ጎረቤታችን ተቀበለችን። ለእናቴ እንኳ «ሥራ ይበዛብኛል፣ ስልክ ላላነሳ እችላለሁ» ብያታለሁ።

ይህ ሁሉ ምስጢር በእቴቴ ምክንያት ነው። እቴቴ የባለቤቴ አክስት ናቸው። ሮም ሠላሳ ዓመት ኖረዋል። ዘመድ ያለበት ከተማ መሄድ ደግሞ ሽርሽር አይባልም፤ ጥየቃ ነው። እቴቴ መምጣታችንን ከሰሙ ኮሎሲየምን የምናየው በመስኮት ነው። እሱም መስኮታቸው ወደዚያ ከዞረ።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። አዲስ ጫማ ገዛሁ። «እሱን ለሮም? በእግር እኮ ነው የምንዞረው» አለች ባለቤቴ። «ፎቶ ላይ ያምራል» አልኳት። እሷ ልክ ሆና እኔ የተሳሳትኩበትን ቀን መቁጠር ከተውን ቆይተናል። ነገሩ በዚያው አለፈ።

ከባቡር የወረድንበት ተርሚኒ ጣቢያ ፊት ለፊት ሰፊ አደባባይ አለ። ስሙ «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው። አምስት መቶዎቹ እነማን መሰሏችሁ? በ1879 ዓ.ም. ዶጋሊ ላይ የራስ አሉላ ጦር የደመሰሳቸው የጣሊያን ወታደሮች! ሻንጣዬን አቆምኩና እጄን ዘርግቼ ማስረዳት ጀመርኩ። «ይታይሽ፤ ሮም የገባ መንገደኛ ሁሉ ገና ከባቡር ሲወርድ የአሉላን...»

«አንተ፣ መጀመሪያ ሽንት ቤት።»

ጣሊያንኛ እችላለሁ ብያት ነበር። ያደግኩት አባቴ ጋራዥ ውስጥ ነው። ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ፣ ጎሚስታ፣ ሁሉንም አውቃለሁ። ችግሩ ሦስት ቀን ሙሉ መኪና የተበላሸበት ጣሊያናዊ አላጋጠመኝም። በቀረችኝ ቃል ልጠቀም ብዬ ቡና ቤት ገባሁና በኩራት «ማኪያቶ» አልኩ። የመጣልኝ ሁለቴ ፉት ብትባል የምታልቅ ጥቁር ቡና ናት። ወተቷ እንደ ጠበል ጠብ ብሎባታል። ለካ ቃሉ ራሱ «ጠብታ ያረፈበት» እንደማለት ነው፤ ያን ሁሉ ወተት የጨመርንበት እኛ ነን። ቆሞ ለሚጠጣና ተቀምጦ ለሚጠጣም ዋጋው ይለያያል። እግሬ ገና ስላልጀመረው ቆሜ ጠጣሁ።

ከሰዓት በኋላ ጀመረው። የስፔን ደረጃዎች የሚባሉት ጋ ስንደርስ ተረከዜ ተልጧል። ከ130 በላይ ደረጃ ነው። ሰፊ፣ ልስልስ ያለ ድንጋይ፣ ለመቀመጫ የተሠራ የሚመስል። ገና ጎንበስ ስል ፊሽካ ተነፋ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ እዚያ መቀመጥ ክልክል ነው፤ ቅጣቱም እስከ 400 ዩሮ ይደርሳል። እኛ ሰፈር ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው የሚውሉት ልጆች ይህን ቢሰሙ በአንድ ሳምንት ስንት ዩሮ እንደሚከስሩ አስቡት።

ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ሕዝቡ ለጥምቀት የወጣ ይመስላል። ጀርባህን ሰጥተህ፣ በቀኝ እጅህ በግራ ትከሻህ በኩል ሳንቲም ከወረወርክ ሮም ትመለሳለህ ይባላል። ሳንቲሙ ተለቅሞ ለችግረኞች ይውላል። ኪሴን ዳብሼ አምስት ሳንቲም አወጣሁ። «በአምስት ሳንቲም ማን ይመልስሃል?» አለችና ሁለት ዩሮ ወረወረች። «ለሁለታችን ነው» ብላ።

ቅዳሜ ኮሎሲየም ገባን። ያምራል። እሷ እያንዳንዱን ድንጋይ አየች። የኔ ልብ ግን ሌላ ቦታ ነበር።

«አሁን ሐውልቱን ላሳይሽ።»

«የቱን?»

«የአክሱምን።»

«የአክሱም ሐውልት ያለው አክሱም ነው።»

«አሁን ነዋ! እዚህ የቆመበትን ቦታ ነው የማሳይሽ።»

በጠራራ ፀሐይ ሰፊውን መንገድ ጨርሰን ፖርታ ካፔና አደባባይ ደረስን፤ ከተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) ዋና መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት። መኪና አለ። ሣር አለ። ለኒውዮርኩ የመስከረም ጥቃት ሟቾች መታሰቢያ የቆሙ ሁለት አሮጌ ዓምዶች አሉ፤ የኛ አይደሉም። «እዚህ ጋ!» አልኩ ባዶውን አየር እየጠቆምኩ። «24 ሜትር! በ1929 ዓ.ም. ወሰዱት፣ በ1997 በሦስት ቁራጭ በአንቶኖቭ አውሮፕላን መለሱት!» በአጠገባችን የሚያልፉ ሁለት ቱሪስቶች ወደጠቆምኩበት ሰማይ ቀና ብለው አዩ። አንደኛው ፎቶ አነሳ።

ባለቤቴ ብዙ ዝም አለች። «ሰው ሮም መጥቶ ያለውን ያያል» አለች በመጨረሻ። «አንተ የሌለውን ታስጎበኘኛለህ።»

ሜትሮው እዚያው አጠገባችን ነው። እንግባ አለችኝ። እኔ ግን አበበ ቢቂላ ትዝ አለኝ። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ ለአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ ተፎካካሪውን ጥሎ የወጣው እዚሁ ሐውልቱ አካባቢ ነው። ከዚህ እስከ ቆስጠንጢኖስ የድል በር ብቻውን ገባ። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ያውም በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸውና እግሩን ስለላጠው ነው ይባላል። አዲስ ጫማ! የላጠው!

ጫማዬን አወለቅኩ።

«ሜትሮ አለ እኮ» አለች።

«አበበ በሜትሮ አልገባም።»

አበበ የሮጠው አመሻሹ ላይ ነበር። እኔ በሐምሌ ቀትር አስፋልቱ ላይ እንደ ቆሎ እየፈነዳሁ ሄድኩ። የድል በሩ ጋ ስደርስ አንድ ጃንጥላ ሻጭ አጨበጨበልኝ። ባለቤቴ እየሳቀች ስትቀርጸኝ ነበር።

«ለማን ላክሽው?»

«ለእህቴ ብቻ።»

በኛ ቤተሰብ «ለእህቴ ብቻ» ማለት ጣቢያው ስርጭት ጀመረ ማለት ነው። ካልሲዬን ሳላጠልቅ ስልኳ ጮኸ። እቴቴ ናቸው። ድምፃቸው እኔ ድረስ ይሰማል።

«ሮም መጣችሁ እንዴ?»

«እቴቴ፣ ልንደውልልዎ እያልን...»

«አይ፣ ልጠይቅ ብዬ ነው። ያ በባዶ እግሩ የሚሄደው ሰው ያንቺን ባል መሰለኝ። ምነው፣ ሮም ውስጥ ጫማ የሚገዛለት ዘመድ ጠፋ?»

እሑድ የቅዱስ ጴጥሮስን አደባባይ ልናይ ነበር። ያየነው የእቴቴን ሳሎን ነው። ዶሮው ከሌሊት ተጥዷል። ጎረቤት ተጠርቷል። የሠርጋችን ቪዲዮ ተከፍቷል፤ ከየት እንዳገኙት እስካሁን አላወቅንም። የመጣው እንግዳ ሁሉ «ሮምን እንዴት አገኛችኋት?» ይለናል፣ ሳንመልስ ጉርሻ ይመጣል። ኮሎሲየም ገብተው ያውቁ እንደሆነ እቴቴን ጠየቅኳቸው። «ውጪውን በየቀኑ በአውቶቡስ አየዋለሁ» አሉኝ። «ለፈረሰ ቤት ደግሞ እከፍላለሁ?»

እግሬን ሲያዩ ለብ ያለ ውሃና ጨው በሳፋ አመጡ። እንቢ ብል የሚሰማኝ የለም። አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪያልቅ ነክሬ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ሮም ውስጥ ያለ ሒሳብና ያለ ፊሽካ የተቀመጥኩት እዚያ ብቻ ነው።

ልንሄድ ስንል በችኮላ ድርቆሹ፣ በርበሬው፣ ዳቦው ሻንጣችን ውስጥ ተጠቀጠቀ። አውሮፕላን ማረፊያ ፍተሻ ላይ «ጫማ አውልቁ» ሲባል ነው የነቃሁት። እግሬ ላይ ያለው የእቴቴ ነጠላ ጫማ ነው። ሮዝ፣ አበባ ያለበት።

ወዲያው ስልክ ተደወለ።

«ጫማህን በር ላይ አገኘሁት» አሉኝ። «በፖስታ አልክም። መጥተህ ውሰድ።»

ባለቤቴ ሰምታለች። «ሁለት ዩሮዬን እንዲያው በከንቱ ጣልኩ» አለች።