ለግቢያችን ጌታ፣ ለአቶ የእንጨት ቦይለር

ለ፦ ክቡር አቶ የእንጨት ቦይለር
ሐዋሳ፣ ከጓሮው ማንጎ ሥር፣ ባሉበት
ጉዳዩ፦ አቤቱታ ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

እንደምን አደሩ? እኔ አላደርኩም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ፍልጥ ሳጎርስዎ ነበር። ባለቤቴን በእጄ ያጎረስኳት በሠርጋችን ዕለት ነው። እርስዎን ግን በቀን ሦስቴ አጎርሳለሁ። ይህን እሷም አስተውላለች፤ ለጊዜው ዝም ብላለች።

እርስዎ ከመምጣትዎ በፊት ይህ ግቢ ስምንት ክፍል ያላት ሰላማዊ ፔንሲዮን ነበር። ችግራችን አንድ ብቻ ነበር፤ መብራት። እንግዳው ሻወር ይገባል፣ ሳሙና ይቀባል፣ መብራት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎ አልሰሙም፤ እኔ ግን ስሜን ከነአባቴ ስም ሰምቻለሁ።

ታዲያ ሚኒሶታ የሚኖረው የአክስቴ ልጅ በቪዲዮ ደወለና ታላቅ ወንድምዎን አሳየኝ። ከቤቱ ጀርባ በረዶ ውስጥ ቆሟል፤ ትንሽ ኪዮስክ ያክላል። መሐሉ እሳት፣ ዙሪያው ውሃ። የሞቀው ውሃ ሙቀት እንዳያመልጥ በተሸፈነ ቱቦ መሬት ለመሬት ሄዶ ቤቱን ያሞቅና ተመልሶ ይመጣል። ጠዋትና ማታ እንጨት መሙላት ነው። «እሳቱም አመዱም ውጭ ይቀራል፣ ቤት የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ነው» አለኝ። አፌን ከፍቼ ሰማሁት። እሱ አገር ክረምት ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ እንደሚደርስ፣ ሐዋሳ ደግሞ በታኅሣሥ ሌሊት ጋቢ ብቻ እንደምትፈልግ ሁለታችንም አላነሣንም።

ለማንኛውም እኔ ቤት ላሞቅ አላሰብኩም። ሰው ላጥብ ነው።

የሠራዎት በያጅ ቪዲዮውን ሁለቴ አየና «ቀላል ናት» አለ። «ቀላል ናት» የሚል ባለሙያ ሲያጋጥም መሮጥ እንደሚገባ አሁን ገብቶኛል። ላሜራ ቆርጦ፣ በይዶ፣ ቀለም ቀብቶ አቆመዎት። ከላይ ለእንፋሎት የተተወችውን ቱቦ እንኳ «ሙቀቱ በከንቱ ይወጣል፣ ልድፈናት?» ብሎ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛው ነው ጮኾ ያስቆመው። ለካ ክፍት ሆኖ የተሠራ ቦይለር ሲደፈን ቦምብ ነው። በያጁ ቴርሞሜትሩ ላይ ደግሞ 100 ጋ በቀይ ቀለም አሰመረና «እዚህ ሳይደርስ አይፈላም፣ ተኛ» አለኝ። እርስዎ ቀዩ ጋ ሳይደርሱ ተንተከተኩ። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። የማንጎው ዝቅ ያለው ቅርንጫፍ ይህን ከእኔ ቀድሞ ተማረ። ተቀቀለ።

አሁን ወደ ሆድዎ ጉዳይ ልግባ።

አንድ አይሱዙ የባሕር ዛፍ ፍልጥ አስመጣሁልዎ። ሻጩ «እንደ አጥንት የደረቀ ነው» አለ። እንጨቱን ስናራግፍ እጃችን ራሰ። ትኩስ የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ያህል ክብደቱ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ እሳቱ መጀመሪያ ያንን ውሃ አባሮ ሳይጨርስ ለሌላ ሥራ አይደርስም። እኔ እንግዲህ በእንጨት ዋጋ ውሃ ገዝቼ፣ ውሃ ለማሞቅ ውሃ ሳነድ ሰነበትኩ። ተፈልጦ፣ ጣሪያ ሥር ተደርድሮ፣ ነፋስ እያገኘ ከስድስት ወር እስከ ዓመት መቆየት ነበረበት። አሁን ተደርድሯል። የእንግዶች መኪና ማቆሚያ የነበረው ቦታ ላይ። እንግዶች መንገድ ላይ ያቆማሉ፣ ፍልጡ በጥላ ያርፋል።

እርጥብ እንጨት ሲበሉ ደግሞ ጭስዎ ሌላ ነው። ውሃው ሲሞቅ የአየር ማስገቢያዎ ይዘጋል፤ እሳቱ ይታፈናል፤ የታፈነ እሳት ያጨሳል። የጭስ ማውጫዎ አጭር ስለሆነ ጭሱ ሽቅብ መሄድ ትቶ አጥር ለአጥር ይሄዳል። የጎረቤታችን እማማ ያጠቡትን ነጠላ ከገመዱ ላይ አንሥተው፣ አሽትተው፣ መጡ። «ልጄ፣ ዓሣ በጭስ ማድረቅ ጀመራችሁ እንዴ?» አሉኝ። እኝህ ሴት በልጆቻችን ጩኸት አንድ ቀን ተናግረውን አያውቁም። ጣሪያችን ላይ በግርማ ይቆም የነበረው አባ ኮዳ እንኳ፣ የዓሣ ትርፍራፊ ሽታ የማይደንቀው ያ ወፍ፣ አንተን ሸሽቶ ወደ ሐይቁ ሄዷል።

አዎ፣ «አንተን» ብያለሁ። እስካሁን አንቱ ያልኩህ ለዋጋህ ክብር ነው። ከእማማ ነጠላ በኋላ አንተ ነህ።

በነገራችን ላይ የትውልድ አገርህ ሰዎችም ታግሠው አልቻሉህም። እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት አዲስ ለሚሠሩት ዘመዶችህ የጭሳቸውን ልክ በደንብ ወስኗል። እኛ ያገኘነው መፍትሔ ያው በያጁ ነው። ተመልሶ መጣ፤ «ቀላል ናት» አለ፤ ማውጫህን ከጣሪያው በላይ አስረዘመ። አሁን ጭስህ የእማማን ግቢ ዘሎ ሦስተኛው ግቢ ላይ ያርፋል። ከእነሱ ጋር ገና አልተዋወቅንም።

ጥገናህን ተወው። ቅዳሜ የእረፍት ቀኔ ነበር። አሁን ቅዳሜ ማለት በሽቦ ብሩሽ ማውጫህ ውስጥ ገብቼ ጥቁር ቅጥራን የምፍቅበት ቀን ነው። ካልፋቅኩት ራሱ ቅጥራኑ እሳት ይይዛል። አመድህን አዘግይቼ ካወጣሁ እርጥበት ይስብና ላሜራህን ይበላል። ውሃህ ከ60 ዲግሪ በታች ሲንቀረፈፍ ደግሞ ጭሱ ብረትህ ላይ እንደ ላብ ይወርዳል፤ እሱም አሲድ አለው፣ እሱም ይበላሃል። የበርህ ጓርኒሲዮን ሁለቴ ተቀይሯል። የእኔ መኪና ጓርኒሲዮን ይህን ያህል ክብር አግኝቶ አያውቅም።

ይህን ሁሉ እችለው ነበር። የታኅሣሥ ገብርኤል ዋዜማ ባይኖር።

ስምንቱም ክፍል ሞልቷል። እንግዶቹ ሌሊት ተነሥተው፣ ታጥበው፣ ነጠላ ለብሰው ቤተ ክርስቲያን ሊሄዱ ነው። ምሽት 2 ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። እኔ ኮራሁ! አንተን ያሠራሁት ለዚህች ሌሊት አይደል? በየበሩ እያንኳኳሁ «አትጨነቁ፣ እኛ በእንጨት ነን» አልኩ። ሆድህን እስከ አፍህ ሞልቼ ተኛሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ከክፍል ቁጥር 2 ጩኸት ተሰማ። የብርድ ጩኸት ነው።

ወደ ጓሮ ሮጥኩ። አንተ ትፈላለህ። በላይኛዋ ቱቦ እየተፋህ ትፈላለህ። ከአንተ 15 እርምጃ ርቆ የክፍሎቹ ታንከር እንደ በረዶ ቀዝቅዟል። በመሐላችሁ ያለው ፓምፕ ጸጥ ብሏል።

ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው።

አንድ ጊዜ ቁጭ አልኩ፣ አመዱ ላይ። ከመብራት ጥገኝነት ያወጣኛል ብዬ ያቆምኩህ አንተ፣ ለካ ራስህ የመብራት ጥገኛ ነህ። አያቴ በሦስት ጉልቻ ላይ በርሜል ጥዳ አሥር ሰው ታጥብ ነበር። እኔ ጉልቻውን ቀየርኩና ወጡም ጠፋ።

በባልዲ ቀዳንህ። ምን ምርጫ አለ? የሚኒሶታው ወንድምህ ዝገት የሚከለክል መድኃኒት ውሃው ውስጥ ይጨመርለታል፤ ያው አንድ ውሃ ነው የሚዞረው። ለአንተ ማን ነግሮን? ውሃህ እንደ ጭቃ ደፍርሶ ወጣ። አንዲት ከይርጋለም የመጡ እናት ባልዲውን ትኩር ብለው አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ልጄ፣ እምነት በጥብጣችሁበት ነው?» አሉኝ። አልዋሸሁም። እውነቱንም አልተናገርኩም። አማትበው ታጠቡ።

በማግስቱ ቧንቧ ሠራተኛው መጣና እየሳቀ «ታንከሩን ከቦይለሩ ከፍ አድርጋችሁ ብትሰቅሉት ኖሮ እኮ ትኩስ ውሃ ራሱ ሽቅብ ይወጣል። ፓምፕ ምን ያደርግላችኋል?» አለ። ታንከሩን መሬት ላይ ያስቀመጠው ራሱ ነው።

አሁን ለፓምፑ ጀነሬተር ገዝተናል። ስለዚህ በመብራት ፋንታ እንጨት፣ እንጨቱን ለማገዝ ቤንዚን እናነዳለን። እዚያ ማዶ የጎረቤታችን ጣሪያ ላይ የፀሐይ ማሞቂያ አለ። ቀኑን ሙሉ ምንም አይልም። ወደዚያ ላለማየት እየሞከርኩ ነው።

ይህን ስጽፍ ደግሞ መብራት ሄደ። ከክፍል ቁጥር 6 «ሙቅ ውሃ አለ?» የሚል ድምፅ ይሰማኛል። እንግዲህ… ክቡር ሆይ፣ ከላይ በንዴት የወጡኝን ቃላት ይርሱልኝ። ክብሪቱን ይዤ እየመጣሁ ነው። እባክዎ አፍዎን ይክፈቱ።

ከሰላምታ ጋር
የእርስዎ አጉራሽ

ግልባጭ፦
ለፓምፑ (መብራት ሲመጣ የሚነበብ)
ለሦስተኛው ግቢ ነዋሪዎች፣ ከይቅርታ ጋር
ለባለቤቴ (አይሰጣት)