ማሙሽ ከዜሮ እስከ መቶ

ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሁለት ኪሎ ቲማቲም ኦሎምፒያ አስፋልት ላይ ቀረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው። ዘብራው ጫፍ ቆሜ ግራ ቀኝ አየሁ። ራቅ ብላ አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። እሷ እስክትደርስ ሁለቴ እሻገራለሁ ብዬ ገባሁ። ይህ የድሮ ሒሳብ ነው። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ድምፁ በሚመጣበት ዘመን የተማርኩት። ነጯ መኪና ድምፅ የላትም። እዚያ ነበረች፣ ከዚያ እዚህ ሆነች። በመሐል የሆነውን አላየሁም። ፌስታሉን ለቅቄ ወደኋላ ስዘል መሪውን የያዘው ልጅ ዞር ብሎ አየኝ። ፊቱ ላይ ጢም የሚባል ነገር የለም። ከኋላ የታጨቁት ጓደኞቹ ስልክ አውጥተው ይቀርጻሉ። ወዲያው ደግሞ የሉም።

ጎንበስ ብዬ ቲማቲሙን አየሁት። ጎማው የተወው ምልክት ያምራል። አዲስ ጎማ ነው፣ ጥርሱ ገና አላለቀም።

ይህን ልጅ ታውቁታላችሁ። በየሰፈሩ አንድ አለ። ማሙሽ እንበለው። ማሙሽ 18 ዓመት ሞላው፣ መንጃ ፈቃዱን ባወጣ በሳምንቱ ደግሞ አባቱ መኪና ሰጡት። መኪና ስል እናንተ የምትነዱትን ዓይነት አይደለም፣ ስትረግጣት የምትወነጨፍ ኤሌክትሪክ ነች። እኔ ዛሬ ብዕር ያነሳሁት ማሙሽን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ምን አደረገ? የሰጡትን ተቀበለ። እኔ ማመስገን የፈለግኩት አባትየውን ነው።

በመጀመሪያ ልጃቸውን ከውርደት አድነዋል። እኛ እንዴት እንደለመድን አስታውሱ። በዕድሜ ታላቃችን በሆነች ኮሮላ። ፍሪሲዮን በለቀቅን ቁጥር ሞተሩ ይጠፋል። ዳገት ላይ ስናስነሳ ወደኋላ እንንሸራተታለን፣ ከኋላችን ያለው ሚኒባስ በክላክስ ይረግመናል፣ አስተማሪው በበኩሉ ያለችውን ፍሬን ረግጦ ነፍሳችንን ያተርፋል። ከዚያ ዕድለኛ ከሆንን አንድ አሮጌ ቪትዝ። ቪትዝ ትሑት ነች። ስትረግጣት መጀመሪያ ታስባለች። አስባ እስክትወስን አንተም ሐሳብህን ቀይረሃል። በዚህ ዓይነት ወጣትነታችን አለቀ። ማሙሽ ግን ይህን ሁሉ ደረጃ ዘለለ። ኤለመንተሪ ሳይገባ ዩኒቨርሲቲ እንደመግባት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ እንኳን ይህን ዕድል አላገኙም። አዲስ አበባ የመጀመሪያዋን መኪና ስታይ እሳቸው ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። አድዋን ካሸነፉም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል። ማሙሽ ምን አሸነፈ? የማትሪክ ውጤት እንኳን ገና አልወጣም። መኪናው ግን ወጥቷል።

ስለ ምርቃቱ ላውራችሁ። ከሦስት ሳምንት በፊት ኡራኤል አካባቢ በጎረቤትነት ተጠርቼ ነበር። (የቲማቲሙ ማሙሽ ሌላ ነው። ወይ ያው ነው። መኪናዎቹ ሁሉ ነጭ ስለሆኑ መለየት አልቻልኩም።) ግቢው ውስጥ ድንኳን ተጥሏል። ቄጠማ ተጎዝጉዟል። በግ ታርዷል፣ ድፎ ተደፍቷል። መኪናዋ መሐል ላይ እንደ ሙሽራ ቆማለች፣ ከኮፈኗ እስከ ጣሪያዋ ቀይ ሪባን ታስሮላታል። የመቀመጫዎቹ ላስቲክ አልተነሳም። እስከ መቼ እንደማይነሳም እናንተ ታውቃላችሁ።

አባትየው ማይክ ይዘዋል። ግቢው ሃያ እርምጃ አይሞላም፣ ግን ማይክ አለ። «ልጄ ከታች እንዲጀምር አልፈልግም» አሉ። «እኔ ከታች ጀምሬያለሁ፣ ይበቃል።» ተጨበጨበ። ከዚያ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ከዜሮ እስከ መቶ በ3.8 ሰከንድ!» እልልታው ቀለጠ። አጠገቤ የተቀመጡ አንዲት እናት ጠጋ ብለው «መቶ ምን?» አሉኝ።

«መቶ ኪሎ ሜትር በሰዓት።»

«የት ለመሄድ ነው?»

ጥያቄው ስለከበደኝ ቁርጥ ጎረስኩ።

ምርቃቱ የደረሰው ለአጎትየው ነው። የአሰብን መስመር ኤንትሬ በሚባለው የጭነት መኪና ሲመላለሱ ያረጁ ሰው ናቸው። መሪ ከመንካታቸው በፊት ሁለት ዓመት ረዳት ነበሩ። ጣርማ በር ላይ መኪናው ሲቆም እየሮጡ ከጎማው ሥር ታኮ የሚያስገቡት እሳቸው ነበሩ፣ በዚያ ብርድ። ሁለት ዓመት ሙሉ ሥራቸው መኪና እንዳይሄድ ማድረግ ነበር። ማስኬዱን የተማሩት ከዚያ በኋላ ነው። ተነሱና እጃቸውን ዘረጉ።

«ፍሬንህ ይያዝ።» አሜን።

«ከፍሬንህ በፊት ዓይንህ ይቅደም።» አሜን።

«ታኮ አይለይህ።» እዚህ ላይ አሜኑ ሳሳ። ማሙሽ ወደ ጓደኛው ዘንበል ብሎ «ታኮ አፕ ነው እንዴ?» ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

ከዚያ «አሳየን» ተባለ። ሪባኑ ተቆረጠ፣ ማሙሽ ገባ። አጎትየው ይህን ሲያዩ ሳህናቸውን ይዘው ተነሱ። በነገር ሁሉ የሚደሰቱ ሰው ስላልሆኑ ማንም አላስተዋላቸውም። «ኧረ ተነሱ» እያሉ በማዕዘን ያሉትን ሦስት ሰዎች አስነስተው ከቤቱ ግድግዳ ጀርባ ወሰዷቸው። አባትየው በማይክ «ስፖርት ላይ አድርገው!» አሉ። ማሙሽ ጉልበቷን ሁሉ የሚለቀውን ‹ስፖርት› የሚለውን ነካ። ማሰቡስ ወደኋላ ብሎ ከግቢው ሊወጣ ነበር። ፍሬን የመሰለውን ረገጠ።

መኪናዋ ወደፊት ነው የሄደችው። ድምፅ አልነበራትም። የሰማነው የድንኳኑ ምሰሶ ሲሰበር ነው። ድንኳኑም አልቸኮለም። መጀመሪያ በአንድ ጎኑ ሰገደ፣ ከዚያ በሌላው፣ ከዚያ ቀስ ብሎ በክብር ወረደ። ከሥር ሠላሳ ሰው ያህል ነበርን። ጨለማ ሆነ። የድፎው ሽታና የሰው ትንፋሽ ተቀላቀለ። አንድ ሰው የኔን እጅ የራሱ መስሎት ይጎትታል። በዚያ ጨለማ ውስጥ ማይኩ አልጠፋም ነበር። የአባትየው ድምፅ ከሸራው ሥር ጥርት ብሎ መጣ።

«አያችሁ ጉልበቷን!»

እልልታው እንደገና ቀለጠ፣ ከሸራ ሥር።

ስንወጣ ሦስት ወንበር ተሰባብሮ አገኘን። አጎትየው ያስነሷቸው ሰዎች ወንበር ነው። ጥፋተኛው በዚያው ተገኘ። እናትየው «የሰው ዓይን ነው» አሉ፣ ሁሉም ተስማማ። እንዲያውም እኔን አየት ያደረጉኝ መሰለኝ። ማሙሽን ማንም ምንም አላለውም። አጎትየው ብቻ ግድግዳ ጀርባ ቆመው ጥብሳቸውን ይጨርሱ ነበር።

ቤቴ ገብቼ እስክሪብቶ አነሳሁ። 3.8 ሰከንዱ እውነት ከሆነ ይቺ መኪና ከቆመችበት ተነስታ መቶ ለመግባት የሚበቃት 53 ሜትር ገደማ ነው። ከአንዱ ካፌ በር እስከ ቀጣዩ ካፌ በር ማለት ነው። በጣም ያኮራል። አሁን ደግሞ መቆሚያውን እንይ። በመቶ የሚሄድ መኪና በሰከንድ 28 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሹፌሩ አይቶ፣ ደንግጦ፣ እግሩ ፍሬን እስኪነካ አንድ ሰከንድ ተኩል ቢፈጅ 42 ሜትር አለፈ። ከዚያ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ በጥሩ ጎማና በጥሩ ፍሬን፣ ሌላ ሃምሳ። ለመፍጠን 53፣ ለመቆም ዘጠና ከምናምን። ልዩነቱን ማን ይሸፍናል? አባትየው የልጃቸውን ወጪ ሁሉ ይሸፍናሉ። ይቺን ግን እግረኛው ነው የሚሸፍናት። ዝናብ ከጣለ ጭማሪ አለው። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ምቱ አራት እጥፍ እንደሚሆን ማሙሽ ፊዚክስ ላይ ተምሯል። ሸምድዶ ጽፎታል፣ ማርክም አግኝቶበታል።

ኤሌክትሪክ መኪናን እያማሁ እንዳይመስላችሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ አዲስ የሚገዛ ሁሉ ኤሌክትሪክ ነው የሚገዛው። ረጋ ብላ የምትሄድ፣ ለጀማሪ የምትመች ኤሌክትሪክ ሞልታለች። ግን የኤሌክትሪክ ሞተር ከመጀመሪያዋ ረገጣ ጀምሮ ጉልበቱን አይሰስትም። ማርሽ የለ፣ ሞተር ጠፍቶ የሚያሳፍርህ የለ። አባትየው ታዲያ ከፊት አንድ፣ ከኋላ አንድ ሞተር ያላትን መረጡ። ፍጥነት ቀነስ የሚያደርገውን ‹ኢኮ› የሚለውን ሲያሳዩዋቸው «እሱ ለድሃ ነው» ብለው ነበር አሉ።

የደህንነት ነገር ካነሳችሁባቸውም መልስ አላቸው። «ኤርባጓ ስምንት ነው።» እውነት ነው፣ ስምንት ነው። ስምንቱም የሚነፉት ወደ ውስጥ ነው።

ከተማውም ለማሙሽ ተባብሯል። ከፒያሳ እስከ አራት ኪሎ፣ ወዲያ ደግሞ በቦሌ መንገድ፣ ኮሪደር ልማቱ አስፋልቱን አለስልሶ መብራቱን አድምቆ ሰጠው። ያ ሁሉ የእግረኛ መንገድ ለሰው ነው የተሠራው የሚሉ አሉ። ሊሆን ይችላል። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ማሙሽ የሚያየው ግን ቀጥ ያለ ሜዳ ብቻ ነው። ከኋላ ሦስት ጓደኛ «ጨምር፣ ጨምር» ይላል። በዚያ ዕድሜ «ቀንስ» የሚል ጓደኛ የት ይገኛል?

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተው። ከአምስት እስከ 29 ዓመት ያለውን ሰው በዓለም ላይ ከማንኛውም በሽታ በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ማሙሽም እዚያ ውስጥ ነው። ማስቲካ የምትሸጠዋ ልጅም እዚያ ውስጥ ነች። ልዩነቱ እሷ ኤርባግ የላትም። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ ቶኪዮ ላይ ደግሞ በጫማ ማራቶንን ያሸነፈ ሰው ነው። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ሸኖ አቅራቢያ በቮልሱ ተገለበጠ፣ ከዚያ ወዲያ በእግሩ አልሄደም። በቮልስ! የሠላሳ ስድስት ዓመት ሰው፣ ወታደር፣ በዚያች ዔሊ መኪና። እርስዎ ደግሞ የዚያችን አሥር እጥፍ ጉልበት ገና ትናንት ፍሬቻ ማብራት ለተማረ ልጅ ሰጥተው «እግዚአብሔር ይጠብቀው» ይላሉ። እግዚአብሔር ጠብቆት ነበር። ገንዘብ ሳይኖርዎት። ከዚያም አንድ ሰው ሲገጭ ስልክ ያነሳሉ። «ልጅ ነው፣ አጠፋ» ይላሉ። ትናንት ድንኳን ውስጥ «ትልቅ ሰው ሆነ» ብለውን አልነበር? ዘብራ ላይ የወደቀችው እናትስ የማን ልጅ ነች?

በቃ፣ ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ደም ግፊት አለብኝ።

ሰኞ ጠዋት አባትየውን ኡራኤል መንገድ ዳር ቆመው አገኘኋቸው። ሱፍ ለብሰዋል፣ ስልካቸውን ደጋግመው ያያሉ። እጅ ነሳሁ።

«ምነው እዚህ? መኪና ተበላሸ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነች። የኔዋ ጋራዥ ገብታ ራይድ ጠርቼ ነው።»

«ታዲያ ማሙሽ አያደርስዎትም? በደቂቃ ነበር የሚያደርስዎ።»

ዘወር ብለው ወደ ግቢው በር አዩ። ከውስጥ ሙዚቃ ይሰማል። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ኧረ ተወኝ ወንድሜ» አሉ፣ «እኔ የልጆች አባት ነኝ።»

ራይዱ መጣ። አሮጌ ቪትዝ ነበር። በሩን ከፍተው ከኋላ ገቡ፣ ቀበቶ ፈልገው አሰሩ። ሹፌሩ ነዳጅ ረገጠ። ቪትዟ ትንሽ አሰበችና ሄደች።