ማስተካከያ፦ የደብረ ብርሃኑ ጨዋታ ትራክስለር ነበር

ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን አንድ ሻይ ቤት ውስጥ ስላየሁት የቼዝ ጨዋታ ጽፌ ነበር። ሁለት ቦታ ተሳስቻለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፤ ብርዱ ጠንቶብኝ እጄን ከጋቢው ሳላወጣ፣ ጨዋታውን በቃሌ ይዤ ነው የሄድኩት።

ጥቁር በ4ኛው እንቅስቃሴ ወታደሩን ዲ 5 ወደሚባለው ካሬ ገፋ ብዬ ነበር። አልገፋም። የነጭ ፈረስ ጂ 5 ላይ ቆሞ ከነጭ ጳጳስ ጋር ከጥቁር ንጉሥ አጠገብ ያለውን ኤፍ 7ን ሲያነጣጥርበት፣ ጥቁሩን የያዘው ልጅ ምንም እንዳላየ ሰው የራሱን ጳጳስ ሲ 5 ላይ ጣል አደረገ። ሻዩንም ፉት አለ። ይሄ የትራክስለር መከላከያ የሚባለው የቼዝ አከፋፈት ነው። መከላከያ ይባል እንጂ መከላከሉ ለኔ አይታየኝም! ነጭ በፈረሱ ኤፍ 7ን ከበላ ንግሥቷንና ሩኩን ባንዴ ያስፈራራል። ጥቁር ግን ዞር ብሎም ሳያይ በጳጳሱ ኤፍ 2ን በልቶ ቼክ ይላል፤ ንጉሡን ያስፈራራል ማለት ነው። የቦሄሚያው ቄስ ካሬል ትራክስለር እ.ኤ.አ. በ1890 ንግሥቱን አስበልቶ ያሸነፈው በዚሁ መንገድ ነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ይብሳል። ነጩ ተጫዋች ኤፍ 7ን በጳጳሱ ሲበላ «በፈረሱ ቢበላ ይሻለው ነበር» ብዬ ተችቼዋለሁ። የተሻለው እሱ ያደረገው ነው። ቼክ ስለሆነ ንጉሡ ከቦታው ይነቃነቃል፤ ንጉሡና ሩኩ ባንዴ የሚንቀሳቀሱበት ካስሊንግ ቀረ ማለት ነው። ነጭ አንድ ወታደርም ያተርፋል።

ምክሬን ሰምቶ የተሸነፈ ካለ፣ ሻይ በኔ።