የሁለት ደቂቃ ክሊፕ ያየ ሁሉ ዳኛ ሆኖብን ቀረ!

ቆይ ግን፣ ከቲክቶክ የሁለት ደቂቃ ቁራጭ ያየ ሰው ስለ ትወና ሲፈርድ እንዲሁ ዝም ተብሎ ይታለፋል? ደሜ ገና አልበረደም፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ፣ ተመልሼ አላርመውም።

ቡናው ላይ የነበራችሁ ታውቃላችሁ። ወሬው ስለ ጠፈር መርከብ ከሚተርከው ተከታታይ ድራማ ከስታር ትሬክ ቮየጀር «ቱቪክስ» የሚባለው ክፍል ነበር፤ ምዕራፍ 2፣ ክፍል 24፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 6 ቀን 1996 የወጣው። ሰውዬውም ሶፋው ላይ ተንሰራፍቶ በመርከቧ ካፒቴን በጄንዌይና ቱቪክስን በሚጫወተው ሰው ላይ ፍርዱን ሰጠ።

«ጄንዌይ ነፍሰ ገዳይ ናት። ተዋናይዋም ደረቅ ናት። ያኛው ደግሞ ሜካፕ ተለቅልቆ ከመቆም በቀር ምን ሠራ?»

«ሙሉውን አይተኸዋል?»

«አይቼዋለሁ ስልሽ!»

«እሺ፣ ዶክተሩ ምን አለ?»

«የቱ ዶክተር?»

የቱ ዶክተር! የክፍሉ አከርካሪ የሆነውን ሰው «የቱ» ብሎ ጠየቀኝ። ቤቱ በሳቅ ሲፈነዳ በእሱ የሳቁ መስሎኝ ነበር። የሳቁት በእኔ ነው፣ ምክንያቱም አስከትሎ «ውይ፣ አንቺ ደግሞ በዚህ ዕድሜሽ ጆሮ ሹል ታያለሽ? ተይውና ቶናው ደረሰ ወይ?» አለ። ቶናው! ቡናውን ያፈላሁት እኔ መሰልኩት? ደግሞ እኮ ባለፈው የቱርክ ድራማ አንድ መቶ ምናምን ክፍል ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ የነበረው እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ማንም በዕድሜው አልቀለደበትም።

እዚያ ያላስጨረሰኝን እዚህ ልጨርስ።

ሁለት መርከበኞች፣ ቱቮክ (ጆሮ ሹሉ፣ ቩልካን ከሚባለው ሕዝብ) እና ኒሊክስ (ወጥ ሠሪው፣ ታላክሲያን ከሚባለው ሕዝብ)፣ የአበባ ናሙና ሊያመጡ አንዲት ፕላኔት ላይ ወርደዋል። ሲመለሱ አበባው ከእነሱ ጋር በትራንስፖርተሩ፣ ሰውን በቅጽበት ከቦታ ቦታ በሚያሻግረው መሣሪያ፣ ውስጥ ያልፋል፤ በውስጡ ያለው ኢንዛይም የሁለቱን አካልና አእምሮ አዋሕዶ አንድ ሰው ያወጣል፣ ልብሳቸው ሳይቀር ተዋሕዶ። ይሄ ሁለት ወጥ አንድ ትሪ ላይ እንደ ማፍሰስ አይደለም። የሁለቱም ትዝታ፣ የሁለቱም ችሎታ አለው፤ ግን «እኔ» ሲል የሚናገረው ሦስተኛ ሰው ነው። (እዚህ ጋ አንዱ «ያለ መቀላቀል፣ ያለ መለያየት» ብሎ ሊቀልድ ሲል እናቱ ከጓዳ ሰምተው ያዩት አስተያየት! እሱን ለእሳቸው ትቻለሁ።)

ይህን ሦስተኛ ሰው፣ ቱቪክስን፣ የሚጫወተው ቶም ራይት ነው። ሥራውን አስቡት። ከፊቱ ሁለት ሰዎች ወደ ሁለት ምዕራፍ ገደማ የሠሯቸው ገጸ ባሕርያት አሉ፣ ተመልካቹም በደንብ ያውቃቸዋል። ቲም ረስ ቱቮክን ሲጫወት ሰውነቱን አያንቀሳቅስም፤ ድምፁ ዝቅ ያለና ወጥ ነው፣ ዓረፍተ ነገሩን ሳይቸኩል እስከ መጨረሻው ይጨርሳል፣ ስሜት ካለ ቅንድብ ላይ ነው የምታገኙት። ኢተን ፊሊፕስ ደግሞ ኒሊክስን በእጁ ነው የሚጫወተው፤ ይፈጥናል፣ ሰው ላይ ይጠጋል፣ ሳይጋበዝ ይገባል። ራይት ሁለቱን ተራ በተራ አላስመሰለም። ያንን ቢያደርግ ኮሜዲ ብቻ ይሆን ነበር። የቱቮክን የተሟላ ንግግር ይዞ የኒሊክስን ሙቀት ከሥሩ አስገባ። ኩሽናውን ተረክቦ ሲያስተካክል ደስታው የኒሊክስ ነው፣ ሥርዓቱ የቱቮክ። ይህን ማየት የተሳነው ሰው ድምፁን ዘግቶ ትከሻውንና እጁን ብቻ ይከተል፤ ወዲያው ይታየዋል።

ሜካፑስ ምን አጠፋ? የማይክል ዌስትሞር ቡድን እኮ የቩልካን ጆሮና የታላክሲያን ነጠብጣብ አንድ ፊት ላይ አስቀምጦ ሰውዬው ፊቱን እንዲያንቀሳቅስበት ቦታ ትቶለታል። ከዚያ ሁሉ ላቴክስ ሥር የሚያስለቅስ ተዋናይ ነው «ተለቅልቆ የቆመ» የተባለው። እሺ።

አሁን ወደ ድልድዩ፣ መርከቧ ወደምትታዘዝበት ክፍል። ዶክተሩ መለያያ ዘዴ ያገኛል፤ ራዲዮአክቲቭ ምልክት ከአንደኛው ዲኤንኤ ጋር ብቻ ያያይዝና ትራንስፖርተሩ ምልክት ያለበትን ከሌለበት ለይቶ ያወጣል። ለዚህ እስኪደርሱ ከሁለት ሳምንት በላይ አልፏል፤ በዚያ ጊዜ ሰውዬው ስም አውጥቷል፣ ሥራ ይዟል፣ ወዳጅ አፍርቷል። መለየት አልፈልግም፣ መኖር እፈልጋለሁ ይላል። ጄንዌይ ግን ይለያይ ብላ ትወስናለች። እሱም ድልድዩ ላይ እየዞረ አንድ የሚቆምለት ሰው ይፈልጋል፣ አያገኝም። ክሊፑ የሚጀምረው እዚህ ነው፤ ለዚህም ነው ሁሉም «ገዳይ» ብሎ የሚጮኸው። ግን በክሊፑ ውስጥ እንኳ ቱቪክስን ትታችሁ ከኋላ ያሉትን እዩ። በደስታ አብረውት ሲበሉ የነበሩት ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ፓሪስ የሚባለውን መርከበኛ እዩት፣ ምክትሏን ቻኮቴይን እዩት። ዳይሬክተሩ ክሊፍ ቦል ዝምታውን ለእነዚህ ፊቶች ነው ያከፋፈለው። ስለዚህ ጥፋቱን ሁሉ ጄንዌይ ላይ የሚከምር ሰው የቀሩትን መርከበኞች በነጻ እያሰናበተ ነው።

እዚያ ላይ የሚለምነው ፍርሃት የኒሊክስ ነው ባይ ነኝ። ከዚያ ተይዞ ሲሄድ፣ ይቅር ብያችኋለሁ ሲላቸው የሚመጣው እርጋታ ደግሞ ቱቮክ ነው። በአንድ ትዕይንት ውስጥ ከአንዱ ወደ ሌላው የተሻገረበት መገጣጠሚያ አይታይም። ሽልማት ያንሰዋል ብዬ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር መሰለኝ፤ ቶናው ደርሶ ነበር።

እና ዶክተሩ፣ «የቱ ዶክተር» የተባለው! ሮበርት ፒካርዶ። ዘዴውን ሲያገኝ በራሱ ግኝት ደስ ብሎት ነው የሚያቀርበው። ሰውዬው አልፈልግም ካለ በኋላ ግን ሐኪም ነኝ፣ ጉዳት አላደርስም፣ ያለ ፈቃዱ ሕይወቱን አልወስድም ብሎ ይቆማል። ልብ በሉ፣ ይህ ሰው ሆሎግራም ነው። ሲፈለግ የሚበራ፣ ሲሰለች የሚጠፋ፣ ራሱ «ሰው ነህ ወይስ መሣሪያ?» የሚባል። ከመርከቡ ሁሉ እምቢ ያለው እሱ ብቻ ነው። ፒካርዶ ይህን ሲጫወት ድምፁን ከፍ አያደርግም፣ ወደ ጎን ፈቀቅ ይላል፣ አለቀ። ስለዚህ ጄንዌይ መሣሪያውን በገዛ እጇ መንካት ግድ ሆነባት።

«ደረቅ ናት» የተባለችውም እዚህ ጋ ናት። ጄንዌይን የምትጫወተው ኬት መልግሩ በሌሎች ክፍሎች ሰው ትነካለች፣ ወገቧን ይዛ ትቆማለች፣ በድምፅዋ ትጫወታለች። እዚህ ሁሉንም ዘጋችው። ሁለቱ ሲመለሱ እንኳን ተመለሳችሁ ትላለች፣ የኒሊክስ ፍቅረኛ ኬስ ታቅፈዋለች፣ ጄንዌይ ዞር ብላ ወደ ኮሪደሩ ትወጣለች። ሙሾ የለም፣ ንግግር የለም፣ መንጋጋዋን ብቻ ነው የምታዩት። ብታለቅስ «ተጸጸተች» ብላችሁ ይቅር ልትሏት ነበር እኮ! መልግሩ ያንን መውጫ ነው የከለከለቻችሁ። ይህን ደረቅ የሚል ሰው... ተውኩት።

ሌላ ደግሞ አለ፤ «ለዳታ፣ በሌላው ስታር ትሬክ ላለው ሰው መሳይ ማሽን፣ ችሎት ተሰጥቶት የለ?» የሚል። ለዳታ ችሎት የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1989 በወጣው «ዘ ሜዠር ኦፍ ኤ ማን» በሚባለው ክፍል ነው፣ ኮከብ ጣቢያ ላይ፣ የሕግ መኮንን ባለችበት። ቮየጀር ከቤቷ 70,000 የብርሃን ዓመት ርቃለች፣ የ75 ዓመት መንገድ። ዳኛም ከሳሽም ፈጻሚም አንዲት ሴት ናት። እዚያኛው ላይ የሥራ ባልደረባው ራይከር ከሳሽ እንዲሆን ተገዶ ዳታን ሲያጠፋው ዕዳውን ለችሎቱ ማሸከም ይችላል፤ ጄንዌይ የምታሸክመው የላትም። ሁለቱን ትወና ስታወዳድሩ ይህን ካልያዛችሁ ባታወዳድሩ ይሻላል።

ኬስን ማንም አያነሳም። ኒሊክስ ፍቅረኛዋ፣ ቱቮክ አስተማሪዋ ነበር፤ ሁለቱም በአንድ ቀን ጠፍተው ሌላ ሰው መጥቶ እወድሻለሁ አላት። ቱቮክ ደግሞ ቤቱ ሚስት አለችው! ኬስን የምትጫወተው ጄኒፈር ሊየን ያንን መሸማቀቅ ትንሽ ወደ ኋላ በማለት ብቻ አሳየችው። በኋላ ቱቪክስ አማልጂኝ ሲላት ጄንዌይ ዘንድ ገብታ ኒሊክስን እፈልገዋለሁ ብላ የምታለቅሰው እሷ ናት። ለእኔ ፍርዱ የተሰጠው እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

ስድብ ካማራችሁ አድራሻው ይኸውና፤ የክፍሉ ድርሰት። ከመግቢያው በኋላ አምስት ገቢር አለ፤ ብዙውን ለወጥ ቤትና ለትውውቅ አውለውት ትልቁን ጥያቄ መጨረሻ ላይ አጨቁት። ጄንዌይ ስታሰላስል የምናያት ለደቂቃዎች ነው። ቱቮክና ኒሊክስ ከተለያዩ በኋላ ምን ያስታውሳሉ? ማንም አልጠየቃቸውም! ይባስ ብሎ በሳምንቱ «ሬዞሉሽንስ» የሚባለው ክፍል ይመጣል፤ ጄንዌይና ቻኮቴይ ታመው ፕላኔት ላይ ይቀራሉ፣ የካፒቴኑን ወንበር የሚይዘው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ቱቮክ! በቱቪክስ ሕይወት የተመለሰው ቱቮክ መርከቧን እያዘዘ፣ ኬስ ስለ ስሜት ቁጭ ብላ እያነጋገረችው፣ ስለዚያ ሰው አንዲት ቃል አይተነፍሱም። ሌላ አጋጣሚ ከዚህ የተሻለ ከየት ሊመጣ ነው? ተዋናዮቹ ተዘጋጅተው ቀርበው ነበር፣ መስመሩን የሚጽፍላቸው ጠፋ። ነገሩን ፊት ለፊት ያነሳው የስታር ትሬክ ካርቱኑ «ሎወር ዴክስ» ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2023፣ እሱም ለቀልድ።

እና ባለ ክሊፑ ወዳጄ አሁን ቴሌግራም ላይ ምን ጻፈልኝ መሰላችሁ? «ተናደድሽ እንዴ?» ከሳቅ ኢሞጂ ጋር። ሊንኩን ልኬለታለሁ፣ ሙሉውን። ሁለት ምልክት አድርጎ ዝም ብሏል።