የቶር ቀን እና የእናቴ ዋርካ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመጣ ቦርሳዋን እንኳ ሳታወርድ ጠየቀችኝ። «አባዬ፣ የእኛ ቶር ማነው?»

አራተኛ ክፍል ናት። እዚህ ስዊድን ከአራተኛ እስከ ስድስተኛ ክፍል ባለው ትምህርት ውስጥ የጥንት የሰሜን አማልክት ታሪክ ይሰጣል። ስለ ቶር መዶሻ፣ ለጥበብ ሲል አንድ ዓይኑን ስለሰጠው ስለ ኦዲን፣ ምድርን ዙሪያዋን ስለተጠመጠመባት እባብ ተምረው መጥተዋል። ልጄም የራሷን ፈለገች። እኔ መልስ አጣሁ።

ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ በመሥሪያ ቤቴ ምሳ ቤት የአተር ሾርባና ፓንኬክ ነው የሚቀርበው። በጦር ሠራዊቱም፣ በብዙ ምሳ ቤቶችም እንደዚሁ ነው። ነገሩ ከጾም የመጣ ነው ይባላል። ስዊድኖች ካቶሊክ በነበሩበት ዘመን ዓርብን ይጾሙ ስለነበር ሐሙስ ጠገብ ብለው ያድሩ ነበር። ከሉተር በኋላ ጾሙ ቀረ። ሾርባው ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልቀረም። የቀኑ ስም ደግሞ በዕድሜ ከጾሙም ይበልጣል፤ ቶርስዳግ፣ የቶር ቀን።

እንዲህ ያሉ ሌሎች ቀናትም አሉ። ቲስዳግ የቲር፣ ኦንስዳግ የኦዲን፣ ፍሬዳግ የኦዲን ሚስት የፍሪግ ነው። አሜሪካና እንግሊዝ ያላችሁም በየሳምንቱ ዌንስደይና ተርስደይ ስትሉ የምትጠሩት እነዚሁኑ አማልክት ነው። ሎርዳግ ማለትም ቅዳሜ ግን አምላክ የለበትም። የመታጠቢያ ቀን ማለት ነው። ይህን ስሰማ ልጅነቴ ትዝ አለኝ። እኛም ቤት ገላም ልብስም የሚታጠበው ቅዳሜ ነበር። የእኛ ቀኖች በአብዛኛው ቁጥር ናቸው። ረቡዕ አራተኛ፣ ሐሙስ አምስተኛ ማለት ነው። ማክሰኞ ደግሞ የሰኞ ማግስት።

አንዴ ካስተዋላችሁት ከዚያ በኋላ ሁሉም ቦታ ይታያችኋል። ስቶክሆልም ውስጥ ኦደንፕላን የሚባል የምድር ውስጥ ባቡር ጣቢያ አለ፤ የኦዲን አደባባይ ማለት ነው። ቶርስጋታን የቶር ጎዳና ነው። ነጎድጓድ በስዊድንኛ ኦስካ ይባላል፤ ቃሉ ሲፈታ የአምላኩ ጉዞ ማለት ነው። ቶር በፍየሎች በሚጎተት ሠረገላው ሰማይ ላይ ሲያልፍ የሚሰማው ድምፅ መሆኑ ነው። ልጄ ክፍል ውስጥ በጥንቷ እንስት አምላክ ስም ፍሬያ የምትባል ልጅ አለች። አምላኪ አይደለችም፤ ስሟ ነው።

ከሁሉም ያስደነቀኝ ግን ኡለቪ ነው። ጎተንበርግ ያለው ትልቁ ስታዲየም። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ1995 (ዓመቱን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው) በዓለም ሻምፒዮና የ10 ሺህ ሜትር ወርቁን ያጠለቀው እዚያ ነው። የቦታው ስም የኡል መቅደስ ማለት ነው። ኡል የቀስትና የበረዶ ሸርተቴ አምላክ ነበር። እኛ ያኔ ቴሌቪዥን ፊት ተኮልኩለን ስንጮህ ይህን ማን ያውቅ ነበር?

እዚህ አገር ሃያ ዓመት ሊሆነኝ ነው። ሃይማኖቱ ከጠፋ ዘጠኝ መቶ ዓመት ገደማ ያለፈው ሕዝብ ስሙን እንዴት እንዲህ ያዘ? መልሱ በከፊል አንድ ሰው ነው። ስኖሪ ስቱርሉሶን ይባላል፤ የአይስላንድ ሰው። አይስላንድ በ1000 ገደማ ክርስትናን ከተቀበለች ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ፣ በ1220 አካባቢ፣ የድሮዎቹን አማልክት ታሪክ ሰብስቦ ጻፈ። እሱ ራሱ ክርስቲያን ነበር። የጻፈበት ምክንያት ለእኛ ሰው በደንብ ይገባል፤ ቅኔ ነው። የእነሱ ባለቅኔዎች ወርቅ ለማለት «የፍሬያ እንባ» ይሉ ነበር። ወጣቶቹ የፍሬያን ታሪክ ካላወቁ ሰሙን ይሰማሉ እንጂ ወርቁን አያገኙም። ስለዚህ ታሪኩን አስቀመጠላቸው። አመኑበት አላመኑበት ሌላ ጉዳይ ነው።

የድሮ ግጥሞቹን የያዘው ዋናው ብራና ለሦስት መቶ ዓመት ዴንማርክ ነበር። በ1971 በዴንማርክ የጦር መርከብ ወደ አይስላንድ ሲመለስ የሬይክያቪክ ወደብ በሕዝብ ተጥለቅልቆ ነበር። ፎቶውን ባየሁ ቁጥር በ1868 ከመቅደላ ተጭነው ሄደው ዛሬም ለንደን ያሉት ብራናዎቻችን ይመጡብኛል። ለአንድ መጽሐፍ ወደብ የሚሞላ ሕዝብ ማየት ምን ያህል ልብ ይነካል መሰላችሁ።

ሁሉም ነገር ግን ሳይቋረጥ የመጣ አይደለም። ስዊድን በ1809 ፊንላንድን በጦርነት አጣች። አገሩ ሁሉ አንገቱን ደፋ። በ1811 ስቶክሆልም ውስጥ ገጣሚዎችና ምሁራን ማኅበር አቋቁመው የጥንቱን ታሪክ ከመጽሐፍ ወደ ሕዝቡ አወጡት። የስቶክሆልም መንገዶች ኦዲንና ቶር የተባሉት ከዚያ ወዲህ በዚያው ክፍለ ዘመን ነው። ማለትም መርጠው ነው የመለሱት።

የመለሱት ነገር የሚያስፈራ ጎንም አለው። ናዚዎች ሩን የሚባሉትን የጥንት ፊደላት ለራሳቸው ምልክት አደረጓቸው። በ2015 ፊንላንድ ውስጥ «የኦዲን ወታደሮች» ብለው ራሳቸውን የሰየሙ ሰዎች ሕዝቡን ከስደተኛ እንጠብቃለን እያሉ መንገድ ለመንገድ መዞር ጀምረው ነበር። እንደ እኔ ያለ ጥቁር ሰው በማታ የዚህ ዓይነት ምልክት ያለበት ጃኬት ሲያይ ልቡ ይመታል። ሆኖም ፊደሉ ምን አጠፋ? ሁላችንም ስልክ ላይ ያለው የብሉቱዝ ምልክት እንኳ ሁለት ሩን ነው፤ የአሥረኛው ክፍለ ዘመን የዴንማርክ ንጉሥ የሃራልድ ብሉቱዝ ስም መጀመሪያዎች። ልጄ ይህን ፊደል ትምህርት ቤት በነፃነት መማሯ ያስደስተኛል። ለክፉ ሰዎች ብቻ መተው የለበትም።

ወደ ጥያቄዋ ልመለስ። የእኛ ቶር ማነው?

ንጉሥ ኢዛና ከመጠመቁ በፊት ባስቀረጻቸው ድንጋዮች ላይ ማሕረም፣ አስታር፣ ብሔርና ምድር የሚባሉ አማልክት ይጠራሉ። ስማቸው አለ። ታሪካቸው ግን የለም። ስኖሪ አልነበረንም። የቀረልን አንድ ትልቅ ታሪክ አርዌ ነው፤ አገሩን ይገዛ የነበረው እባብ። አንገቦ መርዝ የበላች ፍየል አብልቶ ገደለው፣ ከዚያ ነገሠ፤ የንግሥተ ሳባም አባት ሆነ ይባላል። ፒያሳ በሚሸጡት የንግሥተ ሳባ ሥዕሎች ላይ የመጀመሪያዎቹ ሣጥኖች ውስጥ አርዌ አለ። ቶርም እባቡን ሊያጠምድ የበሬ ጭንቅላት በመንጠቆ ሰክቶ ባሕር ውስጥ ጥሎ ነበር። ይህን ለልጄ ስነግራት ዓይኗ በራ። «የእኛው ጎበዝ ነው፣ ገደለው» አለች። የቶር እባብ የሚሞተው በዓለም ፍጻሜ ነው፤ ቶርም ከዚያ ዘጠኝ እርምጃ ተራምዶ በመርዙ ይወድቃል።

ግን ከአርዌም በላይ የቀረው አፋችን ውስጥ ነው። ቆሌው ተገፈፈ እንላለን። ውቃቢ የራቀው እንላለን። አድባር ትጠብቅህ ብለን እንመርቃለን። ስንናገረው አናፍርም፤ ምንድን ነው ተብለን ስንጠየቅ ግን እናፍራለን። «ተው፣ ይሄ ባዕድ አምልኮ ነው» ተብሎ ወሬው ይዘጋል። እኔም የኦርቶዶክስ ልጅ ነኝ፣ ለዛፍ ስገዱ የሚል አሳብ የለኝም። ስኖሪም አልሰገደም። ታሪኩን ግን እወደዋለሁ፤ የእናቴ ነውና።

እዚህም ዛፍ ነበር። የሰሜኖቹ ዓለም መሐል ላይ ኢግድራሲል የሚባል ትልቅ ዛፍ ቆሟል፤ ዘጠኙን ዓለማት የያዘ። የስዊድን ገበሬዎች ደግሞ ክርስቲያን ከሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላም በግቢያቸው አንድ ጠባቂ ዛፍ ነበራቸው። ቮርድትሬድ ይሉታል። ቅጠሉን መበጠስ ነውር ነበር። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀመጥኩት። ስለ አድባር የማነብ ነው የመሰለኝ። አይስላንድ ውስጥ ደግሞ የማይታዩት ሰዎች ይኖሩባቸዋል የሚባሉ ድንጋዮች አሉ፤ መንገድ ሲሠራ እነሱን ላለመንካት አቅጣጫ የተቀየረበት ጊዜ አለ።

እሑድ ደብረ ብርሃን አካባቢ ላለችው እናቴ ደወልኩ። ልጄን ከጎኔ አስቀምጬ።

«እማዬ፣ የአድባሩን ነገር ለልጅቷ ንገሪያት እስቲ።»

መጀመሪያ ዝም አለች። «ምን አገባሽ ብለህ ዝም አታሰኛትም?» አለችኝ። ትንሽ ቆይታ ግን ጀመረች። ግንቦት ልደታ ጎረቤቱ ሁሉ ከዋርካው ሥር እንደሚሰበሰብ፣ ንፍሮው፣ ዳቦው፣ ቡናው። የተጣላ ሰው እዚያ ሥር እንደሚታረቅ። አያቷ ግንዱን ቅቤ ትቀባው እንደነበር፣ እሷ ራሷ ግን እንደተወችው። ልጄ በተሰባበረ አማርኛዋ ጥያቄ ታከታትላለች። እናቴ በኋላማ አላቆመችም።

«አሁንም አለ ዛፉ?» አለቻት ልጄ።

«አለ እንጂ። አምና ኮብል ሲያነጥፉ ሊቆርጡት ነበር። ሽማግሌዎቹ ወጡና ተነጋገሩ። መንገዱን አጥፈው በጎኑ አሳለፉት።»