ለአንተው ብለን ነው

እ.ኤ.አ. በ2023 ጸደይ ኢንዲያናፖሊስ ውስጥ፣ እኔ በምሠራበት መጋዘን የምሳ ሰዓት ወሬው ሁሉ ስለ አንድ የ21 ዓመት ወጣት ነበር። ዛክ ኢዲ ይባላል። የቶሮንቶ ልጅ ነው፤ ቁመቱ 2 ሜትር ከ24 ሳንቲ ሜትር። በዚሁ በኢንዲያና ክፍለ ሀገር ላለው ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ቅርጫት ኳስ ሲጫወት በዚያ ዓመት የአገሪቱ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋች ተብሎ ተመርጧል። ቡድኑ ግን መጋቢት ላይ በሚደረገው የኮሌጆች አገር አቀፍ ውድድር ከየምድቡ አንደኛ ከተባሉት አራት ቡድኖች አንዱ ሆኖ ገብቶ፣ 16ኛ ደረጃ በተሰጠው ፌርሊ ዲኪንሰን 63 ለ58 ተሸንፎ ወጣ። በወንዶቹ ውድድር ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ከ2018ቱ የቨርጂኒያ ሽንፈት ቀጥሎ ሁለተኛው ብቻ ነው። ይባስ ብሎ አሸናፊዎቹ ከአንደኛው ዲቪዚዮን ቡድኖች ሁሉ በቁመት አጭሮቹ ነበሩ። የፐርዱ ደጋፊ ለቅሶ ተቀመጠ ማለት ይቀላል።

ከዚያ በኋላ ኢዲ ስሙን ለድራፍት አስገባ። ድራፍት የኤንቢኤ፣ ማለትም የአሜሪካ ዋናው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ ክለቦች በየዓመቱ ሰኔ ላይ ወጣቶችን በሁለት ዙር ተራ በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት ነው። ስሙን ያስገባ ተማሪ ከተጋበዘ ቺካጎ ሄዶ ይለካል፣ ይዘላል፣ ይሮጣል፤ ክለቦች ጠርተው ይፈትኑታል፣ ያነጋግሩታል፤ ስንተኛ ሊመረጥ እንደሚችልም ፍንጭ ያገኛል። ያገኘው መልስ ካላስደሰተው እስከ ተቆረጠው ቀን ድረስ ስሙን አውጥቶ ወደ ትምህርት ቤቱ መመለስ ይችላል። በዚያ ዓመት ቀኑ ሜይ 31 ነበር። ልጁም እስከ መጨረሻዎቹ ሰዓታት አፉን አልከፈተም።

ክርክሩን መስማት ነበር። ፎርክሊፍት የሚነዱት ሽማግሌ አንድ ጨዋታ የማያመልጣቸው የፐርዱ ሰው ናቸው፤ ሳንድዊቻቸውን እንደያዙ፣ «ልጁ ዲግሪውን ይጨርስ! ትምህርት ማንም የማይወስድበት ሀብት ነው» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ አባቴን መሰሉኝ። ምን እንደሚያጠና ግን አያውቁም፤ ጠይቄያቸዋለሁ። የብሉሚንግተኑ ባላንጣ፣ የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ደጋፊዎች ደግሞ በድንገት ለልጁ የወደፊት ሕይወት ተቆርቋሪ ሆኑ። «እግሩ ቢሰበርስ? ጊዜው ሳያልፍበት ሄዶ ገንዘቡን ይያዝ እንጂ» ይላሉ። የጊዮርጊስ ደጋፊ ለቡና አጥቂ ጤና ሲጨነቅ ካያችሁ ነገሩ ይገባችኋል። ሁሉም የሚናገረው ስለ ልጁ ጥቅም ነው፤ የሁሉም ምክር ግን የራሱን ቡድን የሚጠቅመው ነው።

በመካከሉ አንዱ ወጣት ባልደረባችን፣ «ደግሞ ቢመለስ ምን ይጎድልበታል? ማስታወቂያ ብቻ ሠርቶ ሚሊዮን ያፍሳል» አለ። ከጁላይ 2021 ወዲህ የኮሌጅ ተጫዋቾች በስማቸውና በመልካቸው ገንዘብ እንዲያገኙ ተፈቅዷል። እኔና ኬንያዊው የሥራ ጓደኛዬ ግን ተያየን። ኢዲ ካናዳዊ ነው፤ ያን ጊዜ የነበረው በተማሪ ቪዛ ነው። በተማሪ ቪዛ የኖረ ሰው የሚያውቀውን እነሱ ከየት ያውቁታል? በትምህርት ወራት በሳምንት 20 ሰዓት፣ ያውም ግቢ ውስጥ፤ ከዚያ ካለፈ ወረቀትህ ይበላሻል። አሥራ አራት ሺህ ሰው አዳራሽ ሞልቶ ስሙን የሚጠራለት ልጅ፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደሚቀመጠው አሜሪካዊ ጓደኛው እንደ ልቡ የማስታወቂያ ውል ሊፈርም አይችልም። ይህን ስነግራቸው ሽማግሌው ሳንድዊቻቸውን አስቀመጡ። «እውነትህን ነው?» ሲሉ በእርግጥ አዘኑ። ሐሳባቸውን ግን አልቀየሩም።

ከኢዲ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ጎረቤት ክፍለ ሀገር ኬንታኪ ውስጥ ተመሳሳይ ነገር ሆኖ ነበር። ኦስካር ሺብዌ ከኮንጎ፣ ከሉቡምባሺ የመጣ ልጅ ነው። በ2022 የአገሪቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ፤ በአንድ ጨዋታ በአማካይ 15 ሪባውንድ (ቅርጫቱን ስቶ የተመለሰ ኳስ) ይወስድ ነበር። እሱም ተመለሰ፤ ኬንታኪ በደስታ ጮቤ ረገጠ። የተማሪ ቪዛው አላላውስ ስላለው፣ ቡድኑ በዚያ ክረምት ለወዳጅነት ጨዋታ ባሃማስ ሲሄድ የማስታወቂያ ሥራውን ከአሜሪካ ምድር ውጭ አጠናቅቆ እንደተመለሰ ተዘገበ። እንዲህ ያለ ብልሃት የሚፈልቀው ከስደተኛ ብቻ ነው። በዓመቱ ድራፍት ገባ፤ በሁለቱ ዙሮች ስሙን የጠራው ክለብ አልነበረም። በኋላ ከኢንዲያና ፔሰርስ ጋር ከዋናው ቡድን ወደ ታችኛው ሊግ የሚያመላልስ ውል ፈረመ። «ተመለስ» ብለው የጮኹለት ሰዎች ያን ጊዜ ድምፃቸው ጠፋ። ስለሚመጣው ወቅት አዲስ ልጅ ማውራት ጀምረው ነበር።

ይህን ሁሉ ስሰማ ልቤ አገር ቤት ነበር። እኛ ዘንድ ጩኸቱ ወደ ሌላ አቅጣጫ ነው፤ የሚባለው «ሂድ» ነው። አቡበከር ናስር በ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ለኢትዮጵያ ቡና 29 ግብ አስቆጥሮ፣ በኋላም ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሲዛወር፣ እኔ ከማውቃቸው የቡና ደጋፊዎች «አንድ ዓመት ይቆይልን» ያለ አልሰማሁም። ቅር ያለው እንኳ የሸኘው እየመረቀ ነው። እዚያ ጉዳት ደጋግሞ ሲያሰቃየው ደግሞ «ምነው ባልሄደ» ያለ ጥቂት ነው። ከሄዱ በኋላ መመለስ እንደ አማራጭ አይቆጠርም። ብዙዎቻችን ተመላሽ የምናውቀው ተገድዶ ሲመለስ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከሳውዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ወገኖቻችን ፌስታል አንጠልጥለው ቦሌ ሲወርዱ ያየ ሕዝብ፣ ወድዶና አስቦበት የሚመለስ ሰው ሲያይ ቢጠራጠር አይገርምም። እዚህ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ እንኳ «እገሌ አገሩ ገባ» ሲባል ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን አጥፍቶ ነው?» ነው።

ከባድ መኪና የሚነዳ ወዳጅ አለኝ። ያጠራቀማትን ይዞ ሐዋሳ ላይ የከባድ መኪና ጋራዥ መክፈት ይፈልጋል፤ እጁ ደግሞ ወርቅ ነው። አንድ እሑድ እቤቱ ቡና እየጠጣን ለእናቱ ደወለና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርጎ ነገሩን አነሳባቸው። እናቱ ዝም አሉ። ከዚያ፣ «ልጄ፣ ኑሮው እሳት ሆኗል። እዚህ ምን አለና ትመጣለህ? እኔ ለአንተው ብዬ ነው» አሉ። ስልኩን ታላቅ እህቱ ተቀበለች። «ወንድሜ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት ክፍያ እኮ ዘንድሮ ጨምሯል» ብላ ጀመረችና መሐል ላይ ራሷ ሰምታው መሰለኝ፣ «እሱስ ይሁን፤ እኛ የምናስበው ለአንተ ነው» ብላ አቀናችው። አልፈርድባትም። በየወሩ የሚላከው ገንዘብ እዚያ ቤት ውስጥ ዘይትም ነው፣ መድኃኒትም ነው። የፐርዱው ሽማግሌ ኢዲ ቢሄድባቸው የሚያጡት የቅዳሜ ደስታቸውን ነው፤ እሷ የምታጣው የቤት ኪራይ ነው።

ለወዳጄ ያልቀናው አንድ ነገር አለ። ለኢዲ «አሁን ብትገባ ምናልባት በሁለተኛው ዙር ትመረጥ ይሆናል፣ ላትመረጥም ትችላለህ» የሚል ግምት ከየአቅጣጫው ደርሶታል። መራራ ነው፤ ግን ከፊቱ የተቀመጠ መረጃ ነው። እስከዚህ ቀን ሐሳብህን ቀይር፣ ማንም «ፈርቶ ተመለሰ» አይልህም የሚል ደንብም አለው። ደንቡ ከደግነት የመጣ ነው ብዬ አልከራከርም፤ እነዚሁ ዩኒቨርሲቲዎች ለአሥርተ ዓመታት አዳራሽ ሲሞሉ ለተጫዋቹ ከትምህርትና ከቀለብ ያለፈ አልሰጡም። ቢሆንም ደንቡ አለ። ሐዋሳ ላይ አንድ ፒስተን በስንት ይገባል፣ የውጭ ምንዛሪ ፈቃድ ስንት ወር ያስጠብቃል፣ ቦታ በምን ያህል ይከራያል ብሎ ወዳጄ ሲጠይቅ ግን የሚያገኘው መልስ «ተው ይቅርብህ» ወይም «ና፣ እዚህ ገንዘብ በአካፋ ነው» ነው። ለአፍ ዳገት የለውም።

ኢዲ ተመለሰ። በቀጣዩ ዓመት በአንድ ጨዋታ በአማካይ 25 ነጥብ አስቆጠረ፤ ፐርዱን እስከ ፍጻሜው አደረሰ። አሪዞና ውስጥ በተደረገው በዚያ ጨዋታ 37 ነጥብ አስቆጥሮም ቡድኑ በኮኔቲከት 75 ለ60 ተሸነፈ። ሰኔ ላይ ሜምፊስ በ9ኛ ተራ መረጠው። በማግስቱ መጋዘኑ ውስጥ «ይመለስ ብዬ ነበር» የማይል ሰው አልነበረም፤ የብሉሚንግተኖቹ ጭምር።

ወዳጄ በበኩሉ ወረቀቶቹን ሲያገላብጥ አንድ ነገር አገኘ። የግሪን ካርድ ባለቤት ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ለመቆየት ካሰበ፣ እዚሁ ሳለ አመልክቶ የዳግም መግቢያ ፈቃድ ያወጣል፤ አብዛኛውን ጊዜ እስከ ሁለት ዓመት ያገለግላል። አመለከተ። መኪናውን አልሸጠም፤ አከራየው። ለቤተሰቡ የነገራቸው ለዕረፍት እንደሚመጣ ነው። እኛ ጓደኞቹ አሁን በእሱ ጉዳይ ለሁለት ተከፍለን በየእሑዱ እንከራከራለን። እኔ «ሂድ» ከሚሉት ነኝ፤ ስለ እጁ ሙያ፣ ስለ አገሩ፣ ስለ ዕድሜው አፌን ሞልቼ እናገራለሁ። ባለቤቴ ግን፣ «አንተ እኮ ሐዋሳ ስንሄድ የሆቴል እንዳትከፍል ፈልገህ ነው» ትለኛለች። እሱም አልታሰበኝም አልልም።